ፈቃዱ ፋይል ውስጥ፣ ነርሷ አልጋው አጠገብ

የዲግሪው ዋና፣ የዲግሪው ኮፒ፣ ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ልምድ፣ መልቀቂያ፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ጎሮ ባሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች የምንሠራ ነርሶች ይህን ዝርዝር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣዋለን። ሥራ ስንቀይር ይጠየቃል። ፈቃድ ስናድስ ይጠየቃል። የቀጠረን ድርጅት የራሱን ፈቃድ ሲያድስም የእኛ ወረቀት እንደገና ከፋይል ይወጣል። አንዱ ጋ ያስገባነውን ሌላው አያየውም። ኦሪጅናሉን ይዘሽ ነይ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም የለም፤ ጊዜው አልፎበታል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲስተም የለም። የሌሊት ተረኛ ያደረች ነርስ ሳትተኛ መገናኛ ታክሲ ተሰልፋ፣ ወረፋ ይዛ፣ ከሰዓት ተመልሳ፣ ማታ ደግሞ ተረኛ ናት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ነገሩ።

መጠየቁ በራሱ ተገቢ ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሰው ሥጋ ላይ መርፌ የሚያሳርፍ ሰው ማን እንደሆነ መጣራት አለበት። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1901 ነርሶችን በሕግ ለመመዝገብ ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ለዚሁ ነው። እኛም ጋ ምክንያቱ በቂ ነው፦ በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከተቀመጡት ያለፉት 40.65 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የግል ተቋማቱ ለብቻ ሲታዩ 17.2 በመቶ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፣ የነርሲንግ ብቻ አይደለም። ቢሆንም በየሕንፃው ፎቅ ላይ ነርሲንግ እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ከተማ ለሚኖር ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ተመራቂዎች የራሱን የፈቃድ ፈተና መስጠቱም ትክክል ነበር። አሜሪካ እንኳ፣ ያ ሁሉ ቁጥጥር ባለበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ ተሽጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ፈትኑን፣ አጣሩን።

የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ማጣሪያ ከቢሮው በር አለመውጣቱ ነው። ገርጂም ሆነ ሲኤምሲ፣ ክንዱን ለካኑላ የዘረጋ በሽተኛ መርፌውን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነጭ ጋውን ሁሉም ይለብሳል፤ የላቦራቶሪው፣ የካርድ ክፍሉ፣ ልምምድ ላይ ያለው ተማሪ፣ አንዳንድ ቦታ ገንዘብ ተቀባይዋም ጭምር። ሴት ከሆነች ሲስተር፣ ወንድ ከሆነ ዶክተር ተብሎ ይታለፋል። በደረጃ አራት የተመረቀች፣ ባለ ዲግሪዋ፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክብካቤ ሁለተኛ ዲግሪ የሠራችው፣ ለበሽተኛው ሁሉም አንድ ናቸው። ለአስተዳደሩም እንዲሁ። አይሲዩ ሰው ሲጎድል ከተመላላሽ ሕክምና ተነስታ «ዛሬ እዚያ ግቢ» የምትባል ነርስ አለች፤ ቬንቲሌተር ነክታ ታውቅ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። ማን ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝር ሰነድ በአገር ደረጃ አለ። ተረኛ ሲመደብ ግን አይገለጥም።

የፈቃድ ኪራይ የሚባል ነገር እንዳለም በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ክሊኒክ ሲከፈት የባለሙያ ስምና ፈቃድ ይቀርባል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል፤ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ስሟ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነርስ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየተላከላት ሌላ ቦታ ትሠራለች፤ መርፌውን የሚወጋው ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን በሽተኛ ቢጎዳ የሚጠየቀው የማን ስም ይሆን? ይህን የምታደርግ ነርስ ደመወዟ አልበቃ ብሏት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቦሌ የቤት ኪራይ የነርስ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያራምድ አይጠፋኝም። ግን ያከራየችው ወረቀት አይደለም። የሌላ ሰው እጅ ስህተት ቢሠራ በራሷ ስም እንዲጻፍ ነው የፈቀደችው። ይህን የሚያደርጉ የሥራ ባልደረቦቼን ለምኜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሥራችን ምን እንደሆነ ደግሞ እኛም ግራ እየገባን ነው። የግል ሆስፒታል ነርስ ማለት ዛሬ ደረሰኝ ተከታታይ ማለት ሆኗል። የአልጋ ቁጥር ይህን ያህል ቅድመ ክፍያው አልቋል፣ ቤተሰቡን አናግሪ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ አልወጣም፣ ሂጂ አምጪ። የራጅ ክፍል ተሸካሚ የለም፣ አልጋውን ግፊ። ኦክሲጅን ሲሊንደር የሚቀይር ጠፋ። በዚህ መሐል በሽተኛውን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ መመገብ፣ ቁስሉን በጊዜ ማየት፣ ማለትም ነርስ የተባልንበት ዋናው ነገር ወደ አስታማሚው ይተላለፋል። ከጎጃም ወይም ከአርሲ የመጣች እህት መሬት ላይ ነጠላ አንጥፋ አድራ፣ ያልሠለጠነችበትን ሥራ ትሠራለች፤ የጀርባ ቁስል የሚወጣው እሷ ስላልቻለችበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የሆስፒታሎች የአገልግሎት መመሪያ መሠረት ነርስ በሽተኛዋን መርምራ፣ ችግሩን ለይታ፣ ዕቅድ አውጥታ፣ ሠርታ፣ ውጤቱን መመዘን አለባት። ቅጹ አለ። የሚሞላው ግን ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ሪፖርት ከመሰጠቱ በፊት፣ የሁሉም በሽተኛ በአንድ ጊዜ ነው፤ ቀን ሙሉ ደረሰኝ ስትከታተል ለዋለች ነርስ ሌላ ሰዓት የላትም። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቅጹ መሞላቱን ያያል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ስለ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ልናገር፤ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ሩማቲክ የሚባለው፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይህን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። ካልተወጋ በሽታው ተመልሶ ልቡን ሊያበላሸው ይችላል። እናትየው መድኃኒቱን ገዝታ፣ ማዘዣውን ይዛ፣ ሰሚት ካለ ክሊኒክ ወደ ፊጋ፣ ከፊጋ ወደ አያት ትዞራለች። እኛ አንወጋም ትባላለች። ለምን? አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ነርሷ ትጠየቃለች። መርፌውን መስጠት የነርስ ሥራ ነው፤ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል። ግን ብዙ ቦታ የጽሑፍ ፕሮቶኮል የለም፣ አድሬናሊን በእጅ የሚደርስበት ቦታ አልተዘጋጀም፣ ከጀርባሽ ነን የሚል አስተዳደር የለም። ስለዚህ ነርሷ እጇን ትሰበስባለች፤ ልጁ ሳይወጋ ወሩ ያልፋል። እነዚያን እናቶች ስመልስ ፊታቸውን አይቻለሁ። ፈቃድ ሥራ እንድትሠሪ የሚያስችል ነገር መሆን ሲገባው፣ እኛ ጋ እንዳትነኪ የሚያስፈራራ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል።

የመርፌ ጥያቄ ደግሞ ማታ ኮንዶሚኒየም ድረስ ይመጣል። «ሲስተርዬ፣ ሴፍትሪያክሶን ታዞልኝ ነበር፣ ክሊኒክ ሄጄ ለመወጊያ ከምከፍል አንቺ ጠቅ አድርጊልኝ።» ጎረቤት ናቸው፤ ልጅ ጠብቀውልኛል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ቤት ውስጥ ሰውነታቸው ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥራቸው የማደርገው የለም ብዬ ሳስረዳ ፊታቸው ይጠቁራል። በማግሥቱ ደረጃ ላይ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ኮራች ተብያለሁ። እምቢ ያልኩት ለእሳቸው ብዬ እንደሆነ የሚነግርልኝ አንድም የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ አንድም የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የለም።

ይህ ሙያ እዚህ አገር ሲጀመር እንዲህ የተድበሰበሰ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሳሉ የተማሩት ነርስነትን ነው፤ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ፈተናውን አልፈው፣ መዝገብ ላይ ስማቸውን አስገብተው ማለት ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል የተሠራው በስማቸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን አብሮ ሲያሠለጥን የእያንዳንዱ ድርሻ የተለየ ነበር።

እኛን የሚመዘግበው አካል ራሱ መቀመጫ አላገኘም። በ1994 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661 ሥራው ወደ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ ባለሥልጣን ሄደ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ባለሥልጣኑ ምግብና መድኃኒት ላይ ሲቀር፣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልልና ከተማ መሥሪያ ቤቶች ዞረ። በየዝውውሩ ፎርሙ ይለወጣል፣ ፋይል ይጠፋል። ጎረቤታችን ኬንያ ነርሶቿን የሚመዘግብ ካውንስል አላት። እንግሊዝ አገር ማንም ሰው የነርሷን ስም ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መመዝገቧን ማየት ይችላል።

መልቀቂያ የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። አሠሪው ካልሰጠሽ አዲሱ ቦታ አይመዘግብሽም፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል። ምትክ እስክናገኝ፣ ሒሳብ እስኪጣራ፣ እያለ ወራት ያንከባልላል። ፈቃዱ በእኔ ስም ነው፤ የተፈተንኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ግን እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሲፒዲ የሚባለውን የማሻሻያ ሥልጠና ነጥብ ለማሟላትም ብዙ ጊዜ ክፍያው ከራሳችን፣ ቀኑም ከዕረፍታችን ነው። ብዙዎች ተማረው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። እዚያ ያለ ሆስፒታል የነርሷን ትምህርት ከተማረችበት ተቋም፣ ፈቃዷን ከሰጠው አካል በቀጥታ አጣርቶ፣ ፈትኖ፣ የሥራ ዝርዝሯን ጽፎ ነው የሚቀጥራት። ከቦሌ ኤርፖርት በአውሮፕላን የሚደረስበት አገር የተቀመጠ የማታውቀው አሠሪ ያጣራውን፣ ኤርፖርቱ ሥር ያለ በሽተኛ ስለ እሷ ማወቅ አይችልም።

በምሠራበት ቦታ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ጠየቅን፦ ስም፣ የሙያ ደረጃና የፈቃድ ቁጥር በአማርኛ፣ ሽማግሌ ሳይቀር በሚያነበው ፊደል የተጻፈበት ባጅ ለእያንዳንዳችን ይሠራልን፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ነጭ ጋውን አይልበስ። ቃለ ጉባኤ ላይ ተያዘ። ባጁ ተሠርቶ መጣ። የሆስፒታሉ ዓርማና ስልክ ቁጥር በትልቁ፣ የእኛ ስም በትንሹ፣ በእንግሊዝኛ። ነርስ የሚል የለበትም፤ ቁጥሩም የለም። ተመልሰን ጠይቀናል፤ በጀት እስኪለቀቅ ጠብቁ ተብለናል። ጋውኑን በተመለከተ መልስ አልመጣም።