የሰማይ ማማ

ከዕለታት አንድ ቀን የጮቄ ተራራ አራዊት ጉባኤ ተቀመጡ። ያስጠራቸው ቁራ ነው። ይህ ቁራ በዋሸራ ቅኔ ቤት ደጅ የተማሪ ኮቾሮ ሲለቅም ያደገ ስለሆነ የሰማውን አይረሳም። ያን ቀንም ከደብረ ማርቆስ ጠላ ቤት ጣራ ላይ ሆኖ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ውሎ ነው የመጣው።

«የሰው ልጆች ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና አገር፣ ታይዩዋን ከሚባል ቦታ፣ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን ሳተላይት ወደ ሰማይ ሰደዋል» አለ። «ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና እርሻውን፣ ደኑን፣ ውኃውን ታያለች፤ ያየችውንም እንጦጦ ላይ ይቀበሏታል።»

አያ አንበሶ ጥቂት አሰበና «ማማ ነዋ!» አለ።

ያኔ ለሁሉም ገባቸው። ገብስ ሲያሸት ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቅ የለ? ለጮቄም የሰማይ ማማ ይሠራላት ተባለ።

ማን ይውጣ ሲባል ሁሉም «እኔ» አለ። ሚዛን ቀረበ። አያ አንበሶ ወጣበትና ሚዛኑ ተበላሽቷል ተባለ። አያ ጅቦ ደግሞ በዋዜማው ተዝካር በልቶ ስለነበር ሆዱ አሳጣው። በመጨረሻ እመት ጦጢት ተመረጠች። የሰው ማሳ ስትዘርፍ የኖረች ናትና ስለ ማሳ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም ተባለ።

ትልቅ ቅል ተፈልፍሎ መስኮት ወጣለት፤ ውስጡ ጓሳ ተጎዘጎዘ፤ አንድ ስልቻ ቆሎና አንድ ጀበና ተጫነ። የሰባት በሬ ቆዳ ተጠፍሮ ወንጭፍ ሆነ። አያ አንበሶ ሦስት ጊዜ አዙሮ ለቀቀው። ቅሉ ከጅባራው በላይ፣ ከደመናው በላይ ሄዶ ቀረ።

እመት ጦጢት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ቡና ማፍላት ነው። ጀበናውን ብታዘነብለው ቡናው አልወርድ አለ፤ እንደ ጥቁር እንቁላል ተድበልብሎ ከፊቷ ተንሳፈፈ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም እንዲሁ። ቡና ጠጡ ብላ የምትጠራው ጎረቤት አልነበረምና ሦስቱንም እያሳደደች ብቻዋን ጠጣች። ቅሉ ምድርን አንዴ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነበር የሚፈጅበት። ፀሐይ በአንድ ቀን 15 ጊዜ ወጣችባት፣ 15 ጊዜ ጠለቀችባት።

በጮቄ አናት ስታልፍ የምትሰማው ቡና አንዴ እስኪፈላ ያህል ብቻ ነው። አራዊቱ ተሰብስበው ጠበቋት።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ እመት?»

«እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ እንደምን ሰነበታችሁ?»

«እኛ ደኅና። ልጆች ደኅና?»

«ልጆቼማ እናንተው ዘንድ ናቸው።»

«እሱስ ደኅና ናቸው። ከብቱስ?»

«ከብት የለኝም። የእናንተስ?»

«ይመስገን። ዝናቡስ እዚያ እንዴት ነው?»

«ዝናብ የለም።»

«ምነው፣ ክረምቱ ዘገየ?»

ቅሉ ዓባይን ተሻገረ።

በሁለተኛው ዙር ሰላምታ ይጠር ተብሎ ተወሰነ። በእሱ ፈንታ አያ አንበሶ የመክፈቻ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሲያልቅ ቅሉ አገር አቋርጦ ሄዷል። በሦስተኛው አያ ጅቦ ቀደመና «በብቸና መንገድ የሞተ አህያ አይታይሽም?» ሲል ጠየቀ። እሷም ስትፈልግ አለፈች።

በአራተኛው ማንንም ሳትጠብቅ ጮኸች። «አፈሩ እየሄደ ነው! ጨሞጋ ቀልቷል! የጮቄን አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ እየወረደ ነው፣ ዓባይም ይዞት ሱዳን እየገባ ነው!»

ቁራ ቃለ ጉባኤ ያዘ። «እመት ጦጢት ደኅና መሆኗ ታውቋል» ብሎ ጻፈ።

ሁዳዴ ገባ። እመት ጦጢት «ፀሐይ በቀን 15 ጊዜ እየጠለቀችብኝ በየትኛው ልፍታ?» ብላ ጠየቀች። ነገሩ ለአባ ጉሬዛ ቀረበ። አባ ጉሬዛ ነጩን ካባውን ሰብስቦ ሦስት ቀን ካሰበ በኋላ «ፀሐይ ወጥታ ከጠለቀች ቀን ነው» አለ። ቁራም አሰላው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እሷ አራት ቀን ሳይሞላት ትጨርሳለች። ሁሉም ቀኑባት።

የዕድሩ ዳኛ አያ ጅቦ ግን ስሌቱን ሌሊቱን ሲያመነዥከው አደረ። በማለዳ ተነሥቶ «ዙሩ ቀን ከሆነ 30 ዙር ወር ነው» አለ። «እንግዲያው በየሁለት ቀኑ የወር መዋጮ አለባት። ቀብር በቀረች ቁጥርም ቅጣት አለ።» መዝገብ ተከፈተ፤ ዕዳው በፋሲካ ማግስት ከቤቷ ዋጋ በለጠ። ቤቷን ዕድሩ ወሰደ። ልጆቿ አስታ ሥር ያድሩ ጀመር።

እሷ በየዙሩ «አፈሩ! አፈሩ!» ትላለች። እነሱም «መዋጮው! መዋጮው!» ይላሉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቁራ ሌላ ስሌት አወጣ። ሁለት ዓመት በ15 ሲባዛ 30 ነው፤ ጦጣ ደግሞ ስትሄድ ከነበራት ዕድሜ ላይ 30 ዓመት ተጨምሮባት አትኖርም። ስለዚህ እመት ጦጢት ሞታለች።

«ትናንት ስትጮህ ሰምተናት የለም?» አለች ሚዳቋ።

«መስማት ሌላ፣ ስሌት ሌላ» አለ ቁራ።

ለማጣራት ግን ሽኮኮ ይላክ ተባለ። ቁራ እንዳስታወሰው የሰው ልጆችም በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም 9 ኪሎ የማትሞላ ሁለተኛ ሳተላይት ሰደው ነበር። ሽኮኮ በትንሽ ቅል ተወነጨፈ። ሁለቱ ቅሎች አንድ ቀን ብቻ ከሩቅ ተያዩ፤ እመት ጦጢት በመስኮቷ ስኒ አውጥታ «ቡና ጠጣ!» እያለች አሳየችው። ሽኮኮ ግን አልፏል። በጮቄ አናት ሲደርስ ባለ በሌለ ድምፁ «አለች! አለች!» ብሎ ጮኸ።

ጉባኤው መከረ። ሽኮኮ ከጦጣ ያነሰ ዕድሜ ያለው ፍጥረት ነው። እሱም ሞቷል ማለት ነው። የሟች ምስክርነት አይያዝም ተባለ።

የሁለቱም ተዝካር በአንድ ቀን እንዲወጣ አያ ጅቦ አሳሰበ። «ስለ ሥጋው ብዬ አይደለም፣ ስለ ነፍሳቸው ነው» አለ። ጠላ ተጠመቀ፣ ዳስ ተጣለ። በዋዜማው ዝናብ ጥሎ የዳሱ አንድ ማዕዘን ከነምሰሶው፣ ከነጋኑ ወደ ጨሞጋ ወረደ። አራዊቱ የተረፈውን ፈቀቅ አድርገው ተከሉት። ቁራም «የዳሱ ቦታ ተሻሽሏል» ብሎ ጻፈ።

ተዝካሩ ደመቀ። የእመት ጦጢት ልጆች ውኃ ያመላልሱ ነበር። ብሉልኝ ጠጡልኝ በሚባልበት ሰዓት ቅሉ በጮቄ አናት ብቅ አለ።

«ዳስ ይታየኛል!» አለች እመት ጦጢት። «ማን ሞተብን?»

የአያ ጅቦ አፍ ሞልቶ ነበር። ሌሎቹም ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ። ከልጆቿ ትንሿ ቀና ልትል ስትል ቁራ በክንፉ ጋረዳት።

«ማን ሞተብን፣ ወገኖቼ?»

መልስ የለም።

«እንግዲህ እግዜር ያጥናችሁ» አለች። «ለቀብሩ ባለመድረሴ ቅጣቱን ጻፉብኝ።»

ጊዜ ተርፏት ነበር።

«እንደምን ሰነበታችሁ?» አለች። «ልጆች ደኅና? ከብቱስ ደኅና? ዝናቡ እንዴት ነው?»

ቡናው አንዴ ፈላ። ቅሉ ዓባይን ተሻገረ።