የታየውና ያለው

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አንዲት ጥቁር ዣንጥላ ሕሊናዬን አልለቅ ብላለች። እጀታዋ እንጨት፣ ዘንጓ ረጅም፣ ሽማግሌ ተደግፏት ኪዳን ሊያደርስባት የምትበቃ ይህችን ዣንጥላ ያየኋት በቴሌግራም ሲሆን፣ ከሥሯም «ውስን ፍሬ ቀርቶናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» የሚል ቃል ነበረ። ዋጋው ግን አልተጻፈም፤ እርሱማ፣ እንደምታውቁት፣ እንደ ኑዛዜ በውስጥ መስመር ነው።

ጠየቅሁ፤ «አለ ውዴ» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ቀብዱን በቴሌብር ልኬ ስደውል ባለሱቋ ድምፄን ሰምታ ከ«ውዴ» ወደ «አባባ» ከፍ አደረገችኝ፤ የነገሩም ምስጢር ቀስ በቀስ ይገለጥልኝ ጀመር። እርሷ ለመርካቶ ነጋዴ ትደውላለች፣ ነጋዴው ለመጋዘን ጠባቂው ይደውላል፣ ጠባቂውም ምሳውን በልቶ ሲያበቃ «ጥቁሩ እኮ ከፋሲካ በፊት አልቋል» ብሎ ይመልሳል። ሥዕሉን የሰቀለችው ዕቃውን በዓይኗ አላየችም፣ ዕቃውን ያከማቸው ሥዕሉ መሰቀሉን አልሰማም፤ ያው ሥዕል ግን ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው እየተቀዳ ይኖራል፤ ሰቃዩ ብዙ ነው፣ አውራጁ የለም።

ይህን ሳሰላስል ዓይኔ ከሰፈሬ ከጉራራ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ተራራ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙበት ዘመን ለእይታ ከዚያ የሚሻል ቦታ አልነበረም፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል፣ አገሩ ከእግር በታች ተዘርግቷል፤ ነገር ግን ነፋሱ ብርቱ፣ ውኃው ሩቅ፣ ማገዶውም እያደር የሚመናመን ሆነና፣ ለእይታ የተመረጠው ከተማ በጓዳ በኩል ተፈታ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን ሲሰይሙ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ አዳራሹን ከማየት ይልቅ ጓዳውን መጠየቅ የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ለመጫን ወደ እንጦጦ ማርያም ተመልሰው ወጡ፤ ዘውድ ለእይታ ነውና ተራራው ይስማማዋል፤ ኑሮው ግን ወደ ታች ወርዶ ነበር። የማገዶው ችግር ከታችም ተከትሏቸው፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ሳለ፣ ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዪቱን ከስደት አዳናት። ያን ጊዜ እንግዲህ ንብረቱን የሚቆጥር በጅሮንድ፣ ለግብሩ የሚቀርበውን ጠጅና እንጀራ የሚያውቅ አዛዥ ነበረ። ዛሬ በጅሮንዱ መርካቶ፣ አዛዡ ስልክ ላይ ሆነው አይተዋወቁም።

ደግሞስ «ያሉበት ድረስ» ማለት ምን ማለት ነው? አገራችን ቴምብር ካሳተመች ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ጀምሮ፣ ደብዳቤያችን በአብዛኛው ፖስታ ሣጥን ድረስ እንጂ ደጃፋችን ድረስ አልመጣም፤ እኛም ሣጥናችን ቁጥር እያለው ቤታችን በ«ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ሲጠራ ኖረናል። ይህን ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ያልተፈታ ነገር አንዲት መስመር ጽሑፍ ፈታችው፤ ቀብዱ ከገባ በኋላ ግን «አባባ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ጭማሪ አለው» ተባልሁ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ፤ አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ታውጇል፣ ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሕጉም መክፈያውም አለ። የጎደለው ማታ ማታ ወደ መጋዘኑ ደውሎ «ምን ቀረ?» ማለትና ያለቀውን ማውረድ ብቻ ነው። የሌለህን ሰቅለህ፣ ገንዘብ ተቀብለህ፣ ከዚያ ፍለጋ መውጣት ንግድ አይባልም፤ በሰው ገንዘብና በሰው ቀን መቆመር ነው! የሾላ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ እንኳ ሽንኩርቷ ሲያልቅ ማዳበሪያዋን አጥፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ባዶ መደብ ዘርግታ ቀብድ የምትሰበስብ አላየሁም።

የሆነው ሆኖ ዣንጥላ መጣች። ሮዝ ናት፤ ከላይ ሁለት የድመት ጆሮዎች አሏት። ያመጣት ባለሞተር ከወፍጮ ቤቱ እስከ ሰማያዊው በር ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ «ምልክቱ ምንድን ነው?» እያለ ሲዞር በዝናብ በስብሶ ነበርና፣ ያዘጋጀሁለትን ተግሣጽ ውጬ ሻይ አስቀዳሁለት። ሥዕሉንም ዕቃውንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የእኔን ስልክ ቁጥርና የሚቀበለውን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ነው።

ሻዩን ሲጠጣ ተራራውን አይቶ «ባሕር ዛፉ ግን ሳስቷል» አለኝ። ያደገው ሜጫ ነው፤ እዚያ አባቱ የጤፍ ማሳቸውን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ውኃ ያደርቃል አያደርቅም ብለን ጥቂት ተከራከርን፤ እርሱ ያደርቃል ይላል፣ እኔ ከተማዪቱን ያዳነ ዛፍ ሲታማ አልወድም። የአጣናውን ዋጋ ስጠይቀው በቀጭኑ ይህን ያህል፣ በወፍራሙ ይህን ያህል ብሎ እዚያው ነገረኝ፤ ርካሽ አይደለም። ከዚያ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮም ወደ ሚስማር ተሻገርን፤ ሚስማርስ በዚህ ዓመት የሚቀመስ አልሆነም።