ሰኔን በ98 ነጥብ 5 ለመዝጋት

ሰኔ ሲገባ በወረዳችን ከተማ በይጁቤ ሁለት ሥራ አብሮ ይጦፋል። ገበሬው በሬውን ይጠምዳል፣ የመንግሥት ሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ቅጹን ይሞላል። ገበሬው የሚለፋው ለኅዳር አጨዳ ነው። አንተ ግን ያልዘራኸውን እስከ ሰኔ 30 አጭደህ መክመር አለብህ፤ ስለዚህ ምክሬን ስማ።

ሐምሌ ላይ የፈረምክበትን ዕቅድ ፍለጋ መሳቢያ አታገላብጥ። አዲስ ጻፍ፣ እሱንም ከክንውኑ ቀዳ። 37 ሠርተህ ከሆነ ዕቅድህ 38 ነበር። መቶ በመቶ ማሳካት ያስጠረጥራል፤ 97 ግን ልፋት ይሸታል። ቀኑን ሐምሌ 1 በልና ክንውኑን ስትሞላ እስክሪብቶ ቀይር። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰማያዊ ቀለም የሠራ ሰው የለም።

ከዚያ ቢኤስሲ የሚባል የሥራ መመዘኛ አለ። ካፕላንና ኖርተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1992 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቁት ድርጅት ራሱን በገንዘብ ብቻ እንዳይለካ ብለው ነበር፤ ደንበኛን፣ የውስጥ አሠራርን፣ መማማርና ዕድገትን ጨመሩበት። አራት እይታ ሆነ። ይጁቤ ሲደርስ አምስተኛ ተጨመረለት፦ ይሉኝታ።

ባልደረባህን የምትመዝነው በዚህ በአምስተኛው ነው። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ዕቁብህን ይሰበስባል፣ እናትህ ያረፉ ጊዜ ድንኳን የተከለው እሱ ነው። ለዚህ ሰው «በሰዓት መገኘት» ላይ ከአምስት ሦስት ሰጥተህ ሰንበቴ ላይ ከየትኛው ጽዋ ልትጠጣ ነው? አምስት ስጠው። ብድር በምድር ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንተን ይመዝናል። ሁለታችሁም በእርሳስ ሙሉ፣ ተያዩ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ አድምቁ።

ከባዱ ራስን መመዘን ነው። «ድክመት» የሚለውን ሣጥን ባዶ ከተውከው ትዕቢተኛ ትባላለህ፣ እውነቱን ከጻፍክ ደግሞ የደረጃ ዕድገት በመጣ ቁጥር ወረቀቱ ከማኅደርህ ይወጣል። ጥንካሬህን ድክመት አልብሰህ አቅርበው። «ለሥራ ስል ጤናዬን መበደል» ጥሩ ነው። «የሌላውን ሥራ ደርቦ መያዝ» ደግሞ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሌላውን ሳትጠራው ትከሰዋለህ። አንድ ወዳጄ «እልኸኛ ነኝ፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ቤቴ አልገባም» ብሎ ጽፎ ነበር። ቅጹን ያስረከበው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲወርድ ነው።

የሚመዝንህን ኃላፊ ሥጋ ቤት ልትወስድ አስበህ ከሆነ ተሳስተሃል። የሰኔው ምዘና ጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይገባል፣ የግማሽ ዓመቱም ሽር ጉድ የገና ጾም ውስጥ ነው። (ይህን ጊዜ የመረጠው ሰው ሙስናን አስቦ ከሆነ ሊቅ ነው።) ሽሮ በልቶ አምስት የሚሰጥ ኃላፊ አላየሁም። ይልቅ ስብሰባ ላይ ሲናገር ማስታወሻ ያዝ፤ የምትጽፈው የአስቤዛ ዝርዝር ቢሆንም አንገትህን ነቅነቅ አድርግ።

አሁን የቀረህ «የተገልጋይ እርካታ» ነው። እሱን ስትሞላ በርህን ዝጋ፣ ተገልጋይ ይረብሻል። ባለፈው አንድ አባት ከወንዝ ማዶ፣ ከዓባይ አፋፍ ካለ ቀበሌ በጭቃው ሦስት ሰዓት ተጉዘው አንድ ባልደረባዬ ዘንድ መጡ፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ነው፣ ማመልከቻቸው በፌስታል ተጠቅልሏል።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አባቴ፣ ምዘና ላይ ነን። ሐምሌ ላይ ይምጡ።»

«በሐምሌማ ወንዙ ይሞላብኛል።»

«እንግዲያው ከመሄድዎ በፊት እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«መርካትዎን ነው።»

ፊርማ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው አተሙለት።