ጃፓን በመሪጌታ ቤት

የሰው ልጅ ከቤተ ዘመዱ ጋር የሚጣላባቸው ሱሶች ከጥንት ጀምሮ ተቆጥረው የታወቁ ስለ ሆኑ ለእያንዳንዳቸው መድኃኒታቸው አብሮ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ለሰካራም የሽማግሌ ተግሣጽ፣ ለቁማርተኛ ከርስት መከልከል፣ ለወፈፌ ጠበል፣ ሴት ለሚያሳድድም ቶሎ መዳር ተወስኖ፣ ዘመድ የተባለ ሁሉ የማንን ደጅ እንደሚመታ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመሪጌታ አብራክ የተከፈለ፣ ዳዊት የደገመ፣ ጾመ ድጓም ጀምሮ ያቋረጠ ጎረምሳ አንድ ቀን ተነሥቶ «የጃፓንን ቋንቋ እማራለሁ» ቢል ምን እንደሚደረግለት በየትኛውም መጽሐፍ ተጽፎ አልተገኘም። እናቴ ጉዳዩን ለንስሐ አባታችን ባቀረበች ጊዜ እሳቸው ጥቂት አሰብ አድርገው «ቀኖና እንዳልሰጠው ኃጢአቱ አልታወቀኝም» ብለው መለሱላት፤ እርሷም ከዚያች ዕለት ጀምሮ፣ ስም የሌለው ደዌ ስም ካለው ሁሉ ይከፋል ብላ ፈረደች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጃፓን በአገራችን እንግዳ ሆና አልነበረም። የቡሬን በርበሬና የዳሞትን በቆሎ ጭኖ አቧራውን እያስነሣ የሚከንፈው አይሱዙ፣ ገበያተኛውን ከጂጋና ከደንበጫ አጭቆ የሚያመጣው ሚኒባስ የማን አገር ሥራ እንደ ሆነ ጠይቆ፣ «አልሳፈርም» ብሎ በእግሩ የሄደ አንድም ዘመድ የለኝም። ታናሽ ወንድሜማ ካራቴ በሚማርበት ጊዜ ማለዳ ተነሥቶ «ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ» እያለ ግቢውን ሲያናውጠው፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ሲደነብር፣ አባቴ ከደጀ ሰላም ሲመለሱ ቆም ብለው አይተውት «ጉልበትህን ያጥናው» ብለው መርቀውት ገቡ። በጃፓንኛ ሰው መርገጥ የተፈቀደ ከሆነ በጃፓንኛ ማንበብ ስለ ምን ክልክል ሆነ ብዬ ብከራከር፣ ርግጫው ሌባ ያባርራል፣ ንባቡ ግን ማንን ያባርራል ተባልሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ፣ ይህ ከጃፓን ፋብሪካዎች የፈለቀ የሥራ ሥርዐት እስከ ወረዳ ድረስ ወርዶ፣ በየግድግዳው በ«ማ» የሚጀምሩ አምስት ትእዛዛት ተለጥፈዋል፤ የመጀመሪያውም «ማጣራት» ይባላል፤ ይኸውም የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ የማያስፈልገውን ማስወገድ ማለት ነው። ወንድሜ የዚህን ሥልጠና የምስክር ወረቀት ይዞ በገባ በሳምንቱ ቤቱን ሁሉ አጣርቶ፣ የተሰበረ ጃንጥላና የከሰለ ምጣድ አውጥቶ ሲጥል፣ የጃፓንኛ መማሪያ ደብተሬንም አብሮ ጣለው። እንግዲህ የጃፓንን ትምህርት በጃፓን ሥርዐት ከቤት ያስወጣ ሰው ከእርሱ በፊት የተነሣ አይመስለኝም።

ከአባቴ ጋር የነበረኝ ክርክር ግን የሊቃውንት ክርክር ነበር፤ ምክንያቱም እሳቸው ዋሸራ ገብተው ቅኔ የተቀኙ፣ ግሥ የገሠሡ፣ ያለ ማስረጃ አንድ ቃል የማይቀበሉ ሰው ናቸው። ስለዚህም የምወደው ነገር ከሜዳ የበቀለ ኑፋቄ ሳይሆን ከታላላቆቻችን የወረስሁት መሆኑን ለማስረዳት ማስረጃዬን በተራ አቀረብሁ፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን አርአያነት አስቀድመው ማመልከታቸውን፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት መሠረት ማድረጉን፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ሄደው፣ አይተው ተደንቀው፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ማሳተማቸውን፤ ከእሳቸውም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው መጻፋቸውን። አባቴ የቀሩትን ሁሉ እንደ መንገደኛ አሳልፈው በኅሩይ ላይ ቆሙ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸውና።

«ለመሆኑ ብላቴን ጌታ ቋንቋቸውን ተምረዋል?» አሉኝ።

«አልተማሩም አባባ።»

«እንግዲያውስ! ሄዱ፣ አዩ፣ ጻፉ፣ ተመለሱ። አንተም መጽሐፋቸውን አንብብና ተመለስ።»

ወዴት እንደምመለስ ቢጨንቀኝ ወደ ሃይማኖት ነገር ተሻገርሁ፤ የቤታችን ዋና ፍርሃት ይህ ነበርና። ጃፓኖች ከሃይማኖትህ ያስወጡሃል ላሉት ሁሉ፣ ዐፄ ፋሲል በእኛ አገር የኢየሱሳውያንን መምህራን ባባረሩበት በዚያው ዘመን፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ በ1639 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጃፓኖችም ፖርቱጋሎችን ከአገራቸው አስወጥተው ደጃቸውን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠርቅመው እንደ ኖሩ ነገርኋቸው። አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «እነዚያኑ? እነ አልፎንሱን?» አሉኝ፤ ወንድሞቻቸውን መሆኑን አረጋገጥሁላቸው። «እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ጨርሶ ክፉ አይባልም» ብለው ለጃፓን የሰጧት የመጀመሪያ ምርቃት ይህ ነበረ፤ ያባረሩት ለራሳቸው ምክንያት እንጂ ስለ ተዋሕዶ ብለው አለመሆኑን ግን፣ እንደ ማንኛውም ጠበቃ፣ ሳልናገር ቀረሁ።

የእናቴ ሥጋት ከዚህ ሁሉ የራቀ ነበር፤ የሚያስጨንቃት የጃፓን ምራት ነበረች። እርሷን ለማጽናናት፣ ከኅሩይ ጋር ወደ ጃፓን ሄደው የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት አስበው፣ ብዙ ወይዛዝርት ራሳቸውን ካቀረቡ በኋላ ከመኳንንት ወገን የሆነች ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል ተመርጣ፣ የሁለቱንም አገር ጋዜጣና ወዳጅ ጠላቱን ሁሉ ካነጋገረ በኋላ፣ ኢጣልያም በክፉ ዓይን ስትመለከተው፣ ነገሩ በ1926 ዓ.ም. እንደ ፈረሰ ነገርኋት። «ለልጅ አርአያ ያልሆነ ላንተ ሊሆን ነው?» ብላ ደስ ብሏት አደረች። በማግሥቱ ግን ቡና እየወቀጠች ስታሰላስል ቆይታ፣ የሙቀጫውን ዘነዘና አቆመችና፣ «ምን ጎድሎበት ነው ለመሆኑ የኛን ልጅ የከለከሉት?» ብላ በጃፓን መኳንንት ላይ ተቆጣች፤ ቁጣዋም እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ አልበረደም።

እናቴንና ጃፓኖችን ያስታረቃቸው አበበ ቢቂላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ሰው በሣሩ ላይ ተንጋልሎ እግሩን እያፍታታ ሌሎቹን ሲጠብቅ፣ ያ ሁሉ የጃፓን ሕዝብ እንዴት አድርጎ እንዳጨበጨበለት እናቴ መስማት አይሰለቻትም። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀ የጃፓንን መዝሙር እንደ መታለት በነገርኋት ጊዜ እንኳ ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ «እኛስ ብንሆን የእነሱን ከየት እናመጣ ነበር?» ብላ ይቅር አለቻቸው።

ስለ ምግብ የሆነውን ረጅም ወሬ አሳጥሬ ብናገር ይሻላል። እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ጃፓኖች ዓሣ በጥሬው እንደሚበሉ የሰሙት በፋሲካ ማግሥት፣ የበሬ ሻኛ በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ በቀኛቸው ቢላዋ ይዘው፣ አዋዜው ከፊታቸው ቀርቦ ሳለ ነው። «በስመ አብ! ጥሬውን?» ብለው ጮኹ፤ ጮኸውም ጎረሱ። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ቀስ ብለው አላምጠው ከጨረሱ በኋላ፣ «በሬ የሚበላው ሣር ነው፤ በዓይናችን አይተነዋል። ዓሣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚበላ ማን ያውቅለታል?» አሉኝ። ከዚህ የበረታ ሐተታ ከዩኒቨርሲቲ መምህር አልሰማሁም።

ከሁሉ የከፋው ፈተና የመጣብኝ ግን ዕውቀቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቀመበት ቀን ነበር። በቡሬ በርበሬ የሚነግደው አጎቴ፣ በጃፓን አገር ተነድታ የመጣች አንዲት ቪትዝ ገዝቶ ነበርና፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ የጀመሩባትን ማንኩሳን አልፌ ለበዓል እርሱ ዘንድ ሄድሁ። ይህች መኪና ቁልፏ በተጠመዘዘ ቁጥር አንዲት ሴት ከውስጧ፣ ለስለስ ባለ፣ ሥርዐት በተመላ ድምፅ ጥቂት ቃል ትናገራለች። አጎቴ ሰላምታ መሆኑን ከተረዳ ቆይቷል፤ ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ቆቡን ብድግ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ሳይል ማርሽ አያስገባም፤ መኪናዬ ጨዋ ናት እያለም ለበርበሬ ነጋዴዎች ሁሉ አውርቷል። እነሆ፣ ያን ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ፣ «አንተ ተምረሃልና ያለችውን ንገረን» ተባልሁ።

«ጋሼ፣ ‹ካርድ አልገባም› ነው የምትልህ።»

«የምን ካርድ?»

በጃፓን አገር በፈጣን መንገድ የሚሄድ መኪና በየኬላው ሳይቆም ገንዘቡ የሚታሰብበት ካርድ መሆኑን፣ ያም ካርድ ከመሣሪያው ውስጥ ካልገባ ሴትዮዋ ሳትታክት እንደምታስታውስ አስረዳሁ። መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። «ቀረጥ ነው?» አለኝ አጎቴ፤ ነጋዴ ነውና ከቃላት ሁሉ ይህችን ያውቃታል። «እንደ ቀረጥ ነው» አልሁት። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን እርሷ ቀረጥ ስትጠይቀኝ እኔ ‹እንዴት አደርሽ› ስላት ነው የኖርሁት?» ከዚያም ወዲህ ቆቡን አላነሣላትም፤ የጃፓንኛ ትምህርቴም የሰውን ሰላምታ ወደ ዕዳ የሚለውጥ ዕውቀት ተብሎ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ዘመድ ሁሉ ዘንድ ተወራ።

እንዲህ ከሁሉም ተዋርጄ ሳለሁ ነው የቀረችኝን የመጨረሻ መሣሪያ፣ ማለት ግጥማቸውን፣ ወደ አባቴ ይዤ የቀረብሁት። ስለ ፊደላቸው ቀደም ብዬ አጫውቻቸው ነበር፤ ሒራጋናና ካታካና የሚባሉት እያንዳንዳቸው አርባ ስድስት ሆነው እንደ እኛ ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚጽፉ ደስ ብሏቸው፣ ነገር ግን ከቻይና የተወረሰው ካንጂ የዘወትር ንባብ ተብሎ የተወሰነው ብቻ 2136 መሆኑን ሲሰሙ፣ «ፊደል ሲቆጥሩ ሸምግለው ዳዊቱን መቼ ሊደግሙት ነው?» ብለው አዝነውላቸዋል። ስለዚህ አሁን፣ ሃይኩ የሚባለው ግጥም አምስት፣ ሰባት፣ አምስት እየተባለ በዐሥራ ሰባት ድምፅ ብቻ ተቆጥሮ የሚያልቅ፣ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃናችን እንኳ የሚያጥር መሆኑን ስነግራቸው ወንበራቸውን አስጠጉ። የባለቅኔውም ስም ባሾ እንደ ሆነ፣ በታላቁ ኢያሱ በአድያም ሰገድ ዘመነ መንግሥት፣ በ1694 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንዳረፈ፣ ዝነኛው ግጥሙም አንዲት እንቁራሪት ወደ አሮጌ ኩሬ ዘልላ ስትገባ የውኃውን ድምፅ ስለ መስማት እንደ ሆነ ተረክሁላቸው። ከጨረስሁ በኋላ «ይበል!» እንዲሉኝ ጠበቅሁ።

«እሺ» አሉ፤ «ከዚያስ?»

«አለቀ አባባ።»

«ሰሙን ሰማሁት። ወርቁስ?»

«ወርቅ የለውም። እንቁራሪቷ እንቁራሪት ናት፤ ኩሬውም ኩሬ ነው።»

አባቴ እጅግ አዘኑ። አንድ ሰው ወርቅ ሳያገባ ቅኔ ቢያሰማ፣ እሳቸው በተማሩበት ጉባኤ፣ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የቆሎ ተማሪው ሁሉ ተነሥቶ እንደሚያፍርበት ነገሩኝ። «በታላቁ ኢያሱ ዘመንማ» አሉ፣ «ጎጃም ላይ ያ ሁሉ የቅኔ መምህር ተቀምጦ ሳለ፣ መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ክረምት ያቀኑት ነበር፤» አገሩ ደጁን ዘግቶ ወጪውንም ገቢውንም ይከለክል እንደ ነበር ባስታውሳቸው፣ «እሱስ ልክ ነው፣ አልፎንሱን አስወጥተው ነበር» ብለው ግማሽ ይቅርታ አደረጉለት።

ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ ብዬ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወርቅ የሌለው ሰም በእሳቸው ሆድ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቆየ። ማኅሌት ቆመው አድረው በገቡበት በአንድ እሑድ፣ ራት ከቀረበ በኋላ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ጠሩኝ።

«ያ ሰውዬ፣ የእንቁራሪቱ።»

«ባሾ።»

«እሱ ሳያገኘው ሞተ እንጂ ወርቅስ ነበረው። ስማ፤ እንቁራሪት የተባልህ አንተ ነህ፤ አሮጌ ኩሬ የተባለች ጃፓን ናት፤ አንድም፣ የተሰማው ድምፅ የእናትህ ለቅሶ ነው።»

ከማጀት በኩል፣ ቅኔ ሰምታ የማታውቀው እናቴ፣ «ይበል! ይበል!» ስትል ተሰማ።