ቪዛ የሚያስከለክል ፋይል አዘገጃጀት

ለካናዳ የጥናት ፈቃድ አመልክቶ «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ መቀበል የሚፈልግ ተማሪ ብዙ አይድከም፤ ከገዛ ስሙ ይጀምር። ፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም ፀጋዬ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይነሣ። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ቲ»ዋ ትውደቅ። ከወሳኝ ኩነት ያወጣው የልደት ሰርተፍኬት ላይ ደግሞ ትመለስና በ«ዋይ»ዋ ቦታ «አይ» ትግባ። ከዚያ ሦስቱንም ወረቀቶች ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ይላካቸው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው እነዚህን ወረቀቶች ሲያይ የሚታየው አንድ ልጅ ነው። ፊደላችንን አይቶ የማያውቅ መርማሪ ግን ሦስት ስም ያያል። በዚያ ላይ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ልጁ እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም፤ ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈለት ሁሉ እንደ መሰለው ነው የጻፈው። ግን መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅጹ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው መልክ ይሞላል፤ የሚስተካከለው ወረቀት ይስተካከላል፤ ለማይስተካከለው ደግሞ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በአጭር ደብዳቤ ይገለጻል። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይህች ግማሽ ገጽ ሳትጻፍ የቀረችበት ፋይል ሁሉ ያሳዝናል።

ስሙን ያበላሸ ወደ ልደቱ ይለፍ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 የተወለደ ተማሪ 8 ደምሮ 2003 ብሎ ይጻፍ። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2002 ነው። በአምስት ቀን ዘግይቶ ታኅሣሥ 25 የተወለደው ጓደኛው ነው 2003 የሚደርሰው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመሩን ብዙ ሰው ያውቃል። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ግን ስሌቱ በአንድ ቀን እንደሚንሸራተት ይዘነጋል። መስከረም 5 ቀን 1996 እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 15 ሳይሆን ሴፕቴምበር 16 ቀን 2003 ነው። አንዱ ቢሮ 15፣ ሌላው 16 ብሎ ከጻፈ ልጁ ሁለት የልደት ቀን ይዞ ነው የሚያመለክተው። የምረቃ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ «2015» የሚል ሰርተፍኬት ሳይቀየር የተላከ እንደሆነ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ የተመረቀ ሊመስል ይችላል።

የገንዘቡ ነገር እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቆይ። ማመልከቻው ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው አባቱ ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ለቃቅመው በልጁ ሂሳብ ያስገቡለት፤ ስቴትመንቱ ይታተም፣ ማኅተም ይመታበት፤ በሳምንቱ ገንዘቡ ወደየባለቤቱ ይመለስ። የካናዳ ኢሚግሬሽን ከሚቀበላቸው የገንዘብ ማስረጃዎች አንዱ ያለፉት አራት ወራት የባንክ ስቴትመንት ነው። አራት ወር የተባለበት ምክንያት አለው፦ ገንዘቡ ቀስ እያለ የተጠራቀመ ይሁን ትናንት የገባ በዚያ ይታያል። ሦስት ወር ሙሉ ጥቂት ሺህ ብር ሲንቀሳቀስበት የቆየ ሂሳብ በአንድ ቀን ሚሊዮን ሲገባበት፣ ሌላው ወረቀት ሁሉ ያማረ ቢሆንም መርማሪው የሚያየው ያችን አንዲት መስመር ነው።

የሚያስቆጨው ግን እውነተኛ ገንዘብ የውሸት መስሎ ሲወድቅ ነው። እናት አሥር ዓመት የጣሉት እቁብ ደርሷቸው ይሆናል፤ አባት መኪናቸውን ሸጠው ይሆናል። የሽያጩ ውል በውልና ማስረጃ የተመዘገበ፣ ገዢው የከፈለበት የባንክ ደረሰኝ እጅ ላይ ያለ ሆኖ ሳለ፣ «ማን ይጠይቀዋል?» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መርማሪው ደውሎ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም፤ ባለው ወረቀት ይወስናል። የቤት ካርታና የንግድ ፈቃድም የቤተሰቡን አቅም ቢያሳዩም በእጅ ያለ ገንዘብን አይተኩም።

መጠኑንም ከድሮ ሰው ይስማ። ከአንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚጠበቀው ለብዙ ዓመታት 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 20,635 ሆነ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ከኩቤክ ውጭ ላለው አገር 22,895 ነው። የትምህርት ክፍያና የመጓጓዣ ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው የአሜሪካ ዶላር ወዲያው መቶን ተሻግሯል። ከዚያ በፊት በብር የተሰላ «በቂ» ዛሬ ግማሹም አይሆንም።

ለምን እንደሚማር የሚያስረዳውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጻፍለት። በአካውንቲንግ ተመርቆ አራት ዓመት ባንክ የሠራ ወጣት ለሁለት ዓመት የሆቴል መስተንግዶ ዲፕሎማ ያመልክት፤ ደብዳቤው ግን ስለ ባንኩ አንድ ቃል አይናገር፤ ስለ ካናዳ ውበትና ሰላም ይተርክ። ከመከልከያ ምክንያቶች አንዱ ተማሪው ሲጨርስ አገሩ ይመለሳል ብሎ አለማመን ነው። ለዚህ የሚመልሰው የተማሪው የራሱ ታሪክ ነው፦ ምን ሠራ፣ ምን ጎደለው፣ ይህ ትምህርት ያንን እንዴት ይሞላል፣ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ደላላ የለም።

ኤጀንቱ በራሱ ኢሜይል አካውንት ከፍቶ ይሙላለት፤ ልጁም የይለፍ ቃሉን አይጠይቅ። ቅጹ «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ሲል፣ ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ኤምባሲ የመለሰው ልጅ «አላውቅም» ይበል። ካናዳና አሜሪካ የኢሚግሬሽን መረጃ ይለዋወጣሉ። ያለፈ ክልከላ ብቻውን በር አይዘጋም፤ መደበቁ ግን በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት ለአምስት ዓመት ያስዘጋል። ቅጹን የሞላው ኤጀንት ቢሆንም የሚጠየቀው አመልካቹ ነው። በክፍያ መወከል የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው የሕግ ባለሙያዎችና የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ናቸው፤ የወኪሉ ማንነትም በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለበት።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በርካታ የሕንድ ተማሪዎች ካናዳ ገብተው፣ ተምረው፣ ቋሚ ነዋሪነት ሲጠይቁ የገቡበት የመቀበያ ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ወጣ። የፑንጃብ ወኪላቸው ካናዳ ሲደርሱ «ቦታው ሞልቷል፣ ሌላ ኮሌጅ ግቡ» እያለ አታልሏቸው ነበር። ወኪሉ በ2024 ቫንኩቨር ላይ የሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ እያንዳንዱ የመቀበያ ደብዳቤ ወደ ትምህርት ቤቱ ተልኮ በአሥር ቀን ውስጥ ይረጋገጣል። ስለዚህ ዛሬ ፎርጅድ ደብዳቤ ይዞ መሞከር ውድቅ ለመሆን ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ነው።

ለቀሪው ብዙ መጨነቅ አያሻም። የአማርኛውን ሰነድ እንግሊዝኛ የሚችል ወንድሙ ይተርጉምለት፤ የቤተሰብ ትርጉም ተቀባይነት የለውም። የክፍለ ግዛት ማረጋገጫ ደብዳቤውን ይርሳው፤ ከጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ወዲህ አብዛኛው አመልካች ያስፈልገዋል፤ በ2026 ነፃ ከሆኑት መካከል በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስና ዶክትሬት የሚማሩት ይገኙበታል። ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ፓስፖርት ይዞ ይሂድ፤ ፈቃዱም ከፓስፖርቱ በላይ አይረዝምለትም።

የክልከላው ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ሳያነበው ያንኑ ፋይል በማግስቱ መልሶ ይላክ። አሻራው አሥር ዓመት ስለሚያገለግል 85 ዶላሩ ይተርፈዋል፤ የማመልከቻው 150 ግን እንደገና ይከፈላል። ካናዳ ውስጥ አክስት ወይም ጓደኛ ያለው ልጅ በእነሱ በኩል የመርማሪውን ማስታወሻ መጠየቅ ይችላል። ማስታወሻው ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ ከእነዚያ መስመሮች አንዱ ስለዚያች የአምስት ቀን ሚሊዮን የሚናገር ከሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛው የመኪና ሽያጭ ውል አሁንም እዚያው አለ።