ያለ ክሊራንስ የተቀየረ ታፔላ

መርካቶ ውስጥ ስለ ሹመት የማያወራ ሰው ካለ፣ ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ የወረደ እንግዳ ነው። ሰሞኑን ምናለሽ ተራ አጠገብ፣ ጀበና ዙሪያ፣ ወሬው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ።

ታፔላ ጻፊው ጀመረ፦ «በ2008 ፍትሕ ሚኒስቴርን አፍርሰው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አሉት። በ2014 ደግሞ እሱን አፍርሰው ፍትሕ ሚኒስቴር አሉት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢኖረኝ ፎቅ እሠራ ነበር!»

«እኔ የሱቄን ስም ልቀይር ስል የግብር ክሊራንስ አምጣ ይሉኛል» አሉ ሽማግሌው ጨርቅ ነጋዴ። «እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

«ጠያቂዎቹ እነሱ ሲሆኑ ማን ይጠይቃቸው ጋሼ!»

ቡና የምትቀዳዋ ልጅ፦ «ለመሆኑ ስንት ሰው ተሾመበት?»

«ስድስት ዓመት ሳይሞላ አራት። አቶ ጌታቸው አምባዬ፣ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ፣ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ፣ ዶክተር ጌዴዎን ጢሞቲዎስ። ወይዘሮ አዳነች በመጋቢት 2012 ገብተው በነሐሴ የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ሆኑ።»

ሞባይል ሻጩ ዘለለ፦ «እኔ ለቻይና ሞባይል እንኳ የአንድ ዓመት ዋራንቲ እሰጣለሁ!»

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ለአንተ ቀልድ ነው። እኔን ወይዘሮ አዳነች ገቢዎች ሚኒስትር ሳሉ በደረሰኝ፣ ዐቃቤ ሕግ ሲሆኑ በሕግ፣ ከንቲባ ሲሆኑ በልማት መጡብኝ። በየት ላምልጥ?»

«ደረሰኙን ይቁረጡ ጋሼ፤ ያኔ ማምለጥ አያስፈልግዎትም!»

አቶ ብርሃኑን ያነሳው ብረት ቀጥቃጩ ነው። «ኅዳር 3 ቀን 2011 የመንግሥቱ የብረታ ብረት ድርጅት ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብለው ሲናገሩ መዶሻዬ ከእጄ ወደቀ። እዚህ አንዲት እናት የከሰል ምድጃ ስትገዛ ሦስት ሱቅ ትጠይቃለች፣ ከታች ታንኳኳዋለች፣ ‹ተወው› ብላ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ሃምሳ ብር ታስቀንሳለች!»

«ታዲያ ብረት ሲፈልጉ ለምን ምናለሽ ተራ አልመጡም?»

«እዚህ ክርክር አለ ብለው ፈሩ።»

«ክርክሩማ ፍርድ ቤት ጠበቃቸው!»

ዳር ላይ የተቀመጠው ቁራሌው ጆንያውን አስጠግቶ ገባበት፦ «ሜቴኮች ያረጁ መርከቦችን ለብረታቸው ገዝተው ንግድ ላይ አሰማሯቸው አልተባለም? እኔ ስንት የተቀደደ ሳፋ ስገዛ አንድም ቀን ልብስ ልጠብበት ብዬ አላውቅም!»

«ዶክተር ጌዴዎንስ?» አለች ልጅቷ ሁለተኛውን እየቀዳች።

«በጥቅምት 2017 ውጭ ጉዳይ ሄዱ። ወይዘሮ ሐና አርአያሥላሴ ፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ።»

«ይቅናቸው!» አሉ ጋሼ ሂሳቡን እየከፈሉ። «ሹም ይቀየር፣ ታፔላም ይቀየር። የተከፈተ ፋይል ግን ሳይቋጭ መሳቢያ አይግባ። እኛ ደረሰኝ እንቁረጥ፤ መንግሥትም ሲገዛ በጨረታ ይግዛ።»