ውዳሴ አጃ

በባሌ ምድር፣ በሮቤና በጎባ፣ በሲናናና በአጋርፋ መካከል ተቀምጦ፣ መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ገብስና ስንዴ እያየ፣ በጣሳ ታሽጎ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ አጃ ለቁርሱ የሚያስቀርብ ሰው ባገኘሁ ጊዜ ሁሉ በአድናቆት እመላለሁ። ምድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋናና በቦና፣ እህል በሚሰጥበት አገር ኖሮ ገብስን አለማየት ቀላል ተጋድሎ አይደለምና። የጥንት መናንያን ዓለምን ለመናቅ ወደ ገዳምና ወደ በረሃ ይሸሹ ነበር፤ የእኛ መናኝ ግን ከጎተራው ደጃፍ ሳይነሣ ጎተራውን መናቅ ችሏል።

ሥርዓተ ቁርሱም የራሱ ቀኖና አለው። አስቀድሞ ጣሳው ይከፈታል፤ ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የንግድ ምልክት የሆነው ባለ ባርኔጣው የኩዌከር ሽማግሌም ከጣሳው ላይ ሆኖ ነገሩን ሁሉ ይባርካል። አንድ እጅ አጃ በሁለት እጅ ወተት ይጣዳል፤ እንዳያርር ቀስ እየተባለ ይማሰላል፤ በሌላ መጥበሻ ከሩቅ አገር የመጣ ፖም ተልጦና ተከትፎ ከቀረፋና ከጥቂት ስኳር ጋር በመለስተኛ እሳት ይበስላል፤ ፖሙ ለስልሶ መረቁ ሲወፍር ትኩሱን እንዳለ በአጃው ላይ ይፈስሳል። የደሎ መና ሙዝና ማንጎ፣ የሐረና ጫካ ማርም፣ ከተራራው ማዶ ብቻ የሚመጡ በመሆናቸው ከዚህ ማዕረግ አይደርሱም።

አንድ ማለዳ በሮቤ አንዲት አስተናጋጅ ለእንዲህ ያለው ሰው፣ «ጋሼ፣ ትኩስ ገንፎ አለ፤ ቅቤውም ለጋ ነው» ብትለው፣ «እኔ እንኳ ለጤናዬ ነው የምበላው፣ የኔ እኅት» ሲል ሰማሁት። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላበትን የገብስ ገንፎ ከዳር እየቆረሱ ያጠቅሱ ነበር፤ ምስኪኑ ሰው፣ ትኩስ ማባያ በገንፎ ላይ ማፍሰስ የሠለጠነው ዓለም ግኝት መሆኑን ማን ይንገራቸው?

የባሌ ገበሬማ በዚህ ረገድ ፍጹም ጨዋ ነው። የአጃ የሥጋ ዘመድ የሆነውን ሲናር ከስንዴው ማሳ ሲነቅል ይውላል፤ ነቅሎ ሲታክተውም ለፀረ አረም መድኃኒት ከኪሱ ይከፍላል። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ቢሆን የአጃ ዝርያ ሲያወጣ ያሰበው ስለ ከብት መኖ ነው፤ የባሌ ላም ያለ ጣሳና ያለ ቀረፋ አጃ መብላቷን እንደ ድፍረት እንቁጠርባት። ሊቃውንተ ዕፀዋት በአገራችን ስም አቬና አቢሲኒካ ብለው የሰየሙት፣ ከገብስ ጋር በቅሎ፣ ከገብስ ጋር ታጭዶና ተወቅቶ፣ እንጀራም ጠላም የሚሆን የሐበሻ አጃ ደግሞ አለ፤ ነገር ግን ጣሳ የለውምና አጃነቱ አይቈጠርለትም።

«ለጤናዬ» የተባለውን ነገር ማክበር ይገባል። አጃ የሚመሰገነው ቤታ ግሉካን በሚባለው፣ በውኃ በሚሟሟና ኮሌስትሮልን ዝቅ በሚያደርግ አሰሩ ነው፤ ስለዚህም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. ለልብ መበጀቱ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ። ክፋቱ፣ ይኸው መሥሪያ ቤት ይኸንኑ ምስክርነት በ2005 እ.ኤ.አ. ለገብስም ሰጠ። ቤታ ግሉካን እንዲህ እንደ ማንኛውም ተራ ነገር በየገበሬው ጎተራ የሚገኝ ከሆነ፣ የተማረ ሰው ክብር ወዴት ይደርሳል?

የአጃ ወዳጅ ከቤቱ ሲወጣም እምነቱን አይለውጥም። ከባሌ ተራሮች የወረደው የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ወዳበጀበት ወደ ሶፍ ዑመር የሚወርድ የአገሩ መንገደኛ፣ የተቈላ ገብስ ተፈጭቶ በነጠረ ቅቤ የታሸበትን ጭኮ ይዞ ይሄዳል፤ ጭኮም እሳት አይሻም፣ ሰንብቶም አይበላሽም። ጌታዬ ግን ጣሳውን፣ ምድጃውን፣ ወተቱንና ፖሙን በመኪና ጭኖ ይወርዳል፤ ነፋሱ እሳቱን እያጠፋበት፣ በቈላው ሙቀት ወተቱ እየፈረሰበት በዋሻው ደጅ ሲደክም፣ ባለ ጭኮው ቀምሶ፣ እጁን በወይብ ታጥቦ፣ ሼኽ ሶፍ ዑመር ተጠልለውበታል የተባለውን ዋሻ ተመልክቶ ይመለሳል። ሥልጣኔ ትዕግሥትን እንደሚጠይቅ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ሆኖም ይህን ሰው ገብስን ጨርሶ ክዷል ማለት ግፍ ነው። የባሌና የአርሲ ገበሬ ያመረተው የቢራ ገብስ ወደ አሰላው ብቅል ፋብሪካ ሄዶ፣ ብቅል ሆኖ፣ ከዚያም ተጠምቆ በጠርሙስ ሲመለስ፣ ጌታዬ ማታ ማታ አንዱን አስከፍቶ፣ ሁለተኛውን አስከትሎ፣ በማለዳ ለጤናው ሲል የሸሸውን እህል ስለ ጤናው አንዳች ሳያነሣ ይቀበለዋል። እንግዲህ ለገብስ ነጋዴዎች የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሳ ወይም ቆርኪ ይፈልጉለት፤ በቁና እየተሰፈረ እስከ ቀረበ ድረስ ለተማረ ሰው አይሆንም።